መብራቱም መስመሩም በሚቆራረጥበት ሊኑክስን ማደስ፦ ከደባርቅና ከዳባት አንጻር የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዕድሜው ገፋ ያለ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ስለዚህ ደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው፣ ዳባት ውስጥ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የሚይዝ መምህር፣ ወይም ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ እንግዳ የሚያስገባ የአስጎብኚ ቢሮ ሁለት ምርጫ ይቀርለታል፤ ጥገና የማይደርሰውን ሲስተም ይዞ መቀጠል፣ አለዚያም ሊኑክስ መጫን። ሊኑክስ መጫኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰው የሚቸገረው ከዚያ በኋላ፣ አፕዴቱ ላይ ነው።

አብዛኞቹ መመሪያዎች የተጻፉት መስመር ቀን ከሌት እንዳለ፣ መብራትም እንደማይጠፋ ተቆጥሮ ነው። እዚህ ግን መብራት ይሄዳል፤ ዳታም በሜጋባይት ተቆጥሮ ይገዛል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበርም አንረሳውም። በዚያ ጊዜ «አፕዴት የሚለውን ይጫኑ» የሚል ምክር ለማንም አልጠቀመም። እኔ መሣሪያ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ማውረድንና መጫንን ለያይቶ ያሠራል ወይ? መስመር ባለበት ሰዓትና ቦታ ማውረድ፣ መብራት ባለበት ሰዓት መጫን የሚያስችል ከሆነ ለስሜን ግርጌ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ ካልሠራሁ የሚል ከሆነ፣ ምንም ቢያምር ይቅር።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ፓኬጅ» የሶፍትዌር ፓኬጅ ነው፤ ከቴሌ ወይም ከሳፋሪኮም የሚገዛውን «ዳታ» እለዋለሁ። ትዕዛዞቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን የሚተየቡት በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትንሹ ነው።

ደረጃ 1፦ የተጫነውን ሲስተም ይወቁ

የአፕዴት መሣሪያው የሚወሰነው በሊኑክሱ ቤተሰብ ነው። ደብያን፣ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሦስቱም ሥር አፕት ይባላል። አፕት ከደብያን 2.1 ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሲሆን ከሥሩ ደግሞ ፓኬጁን በትክክል ፈትቶ የሚያስቀምጠው ዲፒኬጂ አለ። የፌዶራ ቤተሰብ ዲኤንኤፍን፣ አርች ፓክማንን ይጠቀማል።

«ሲስተም ኢንፎ» ወይም «አባውት» የሚለውን ከፍተው ስምና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቁጥሩ የድጋፍ ዕድሜውን ይነግርዎታል። ኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2025 አልቋል፤ 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 እና በእሱ ላይ የተሠራው ሚንት 22 እስከ 2029 ይቆያሉ። ዕድሜው ያለቀ ሲስተም ላይ ምርጥ መሣሪያ መፈለግ ድካም ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሲስተሙ ይቀየር።

ገና ካልጫኑ ምክሬ ደብያን ወይም ሚንት ነው። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ ዕትም ያወጣል፤ አንዱ ዕትም የሚደገፈው ለ13 ወር ገደማ ብቻ ነው። አርች ደግሞ ሁልጊዜ እየተለወጠ የሚሄድ ስለሆነ ሁለት ሦስት ወር ሳይታደስ ሲከርም የሚጠይቀው የማውረድ መጠን ብዙ ነው። መስመር የሚቋረጥበት አገር ለሁለቱም አይመችም።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። አፕት የፓኬጆቹን ዝርዝር ሲያመጣ ዝርዝሩ መቼ እንደተፈረመ ያያል። የኮምፒውተሩ ቀን ከፊርማው ቀን ወደኋላ ከቀረ፣ ዝርዝሩ «ኖት ቫሊድ የት» ነው፣ ማለትም ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ ይቆማል። ዳታው አለ፣ መስመሩ ይሠራል፣ አፕዴቱ ግን እምቢ ይላል። ባለቤቱም ኔትወርኩን ይረግማል።

እኛ ጋ ለዚህ ሦስት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ማለቅ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት፤ ለመለወጥ ከባድ አይደለችም። ሁለተኛው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መሙላት ነው። 2018 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ መለሰው፤ አፕት ብቻ ሳይሆን ፋየርፎክስም ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል። ሦስተኛው ከሁሉም ስውሩ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓቱን 3፡00 ብለው ከሞሉት ኮምፒውተሩ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ቀኑ ልክ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። አፕት ግን በስህተቱ መልእክት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቀረው ጭምር ይጽፋል፤ አምስት ሰዓት ምናምን የሚል ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን «አዲስ አበባ» ያድርጉ፤ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓትን 9፡00፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓትን 15፡00 ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ መስመርዎን ይመዝኑ

ራስዎን ይጠይቁ፦ ዳታው በወር የተቆረጠ ነው? ከስልክ በሆትስፖት ነው የምንገናኘው? ወይስ የቢሮ ዋይፋይ አለ? ከስልክ የሚገናኙ ከሆነ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ያ ግንኙነት «ሚተርድ»፣ ማለትም በሒሳብ የሚቆጠር ተብሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። አንድሮይድ ስልክ ሲሆን ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገነዘባል፤ ካልተገነዘበ በእጅ ያድርጉት። ይህች አንዲት ምልክት በዝምታ ከበስተጀርባ ከሚሄድ አፕዴት ታድንዎታለች።

የሚወርደውም ነገር ይመዘን። በኡቡንቱ 24.04 ሊኑክስ-ፈርምዌር የምትባል ፓኬጅ ብቻዋን ከ400 ሜጋባይት በላይ ናት፤ በታደሰች ቁጥር ሙሉዋን ታወርዳለች። ሚንት ከኡቡንቱ ስለሚወስድ ከዚህ አያመልጥም። ደብያን ግን ፈርምዌሩን በየዓይነቱ ከፋፍሎ ስላስቀመጠው ኮምፒውተርዎ የሚፈልገውን ብቻ ያመጣል። ዳታ በጣም ለሚያጥረው ሰው ደብያንን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ኡቡንቱ ላይ ሌላ ቧንቧም አለ፦ ስናፕ። ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ በስናፕ ነው የሚመጣው፤ ስናፕ ደግሞ ከአፕት ተለይቶ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ይጠይቃል። «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ብለው ሁለት ሰረዝና «ሆልድ» ሲጨምሩበት እስኪያነሱት ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ሚንት ስናፕን ስለማይጭን፣ ፋየርፎክስንም በተለመደው ፓኬጅ ስለሚሰጥ እዚህ ላይ ይመረጣል።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን ይምረጡ

ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ተርሚናል የማይወድ ጸሐፊ ከሆነ ሲናፕቲክን ይጫኑለት። ሲናፕቲክ እ.ኤ.አ. በ2001 በብራዚሉ ኮኔክቲቫ የተጀመረ ነው፤ መልኩ ያረጀ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ለእኛ ሁኔታ ግን ከመስኮታማዎቹ ሁሉ እሱ ይበልጣል፤ ምክንያቱን ልንገርዎ። «ሪሎድ» ብለው ዝርዝሩን ካደሱ በኋላ «ማርክ ኦል አፕግሬድስ»ን፣ ቀጥሎ «አፕላይ»ን ሲጫኑ ማጠቃለያ መስኮት ይከፍታል። እዚያ ላይ ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድ ይነግርዎታል፤ ከሥሩም ፋይሎቹን አውርዶ ብቻ እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ትንሽ ሣጥን አለ። እሷን ምልክት አድርገው ያውርዱ። መጫኑን ነገ ጠዋት መብራት ሲኖር ያደርጉታል።

ሚንት አብሮት የሚመጣው አፕዴት ማናጀር ለዓይን ይቀላል። የጋሻ ምልክቱ የሰዓቱ አጠገብ ተቀምጦ የደኅንነት ጥገናዎችን ለይቶ ያሳያል፤ ሳይጠየቅም አይጭንም። አንድ ኮምፒውተርና ደህና ዋይፋይ ላለው ሰው ይበቃል። አውርዶ የማስቀመጡን ሥራ በሲናፕቲክ ወይም በተርሚናል ሠርተው መጫኑን በእሱ ቢያደርጉትም ይሆናል፤ ሁለቱም የሚያዩት የወረዱ ፋይሎች ማኅደር አንድ ነው።

ጂኖም ሶፍትዌርና ዲስከቨር የሚባሉት አዲስ መተግበሪያ ለመፈለግ ጥሩ ናቸው። ለአፕዴት አልመክራቸውም፤ የተሠሩት ነገሩን ለተጠቃሚው አቅልለው ለማሳየት ነው፣ እኛ ደግሞ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልገናል።

አናቴንድድ-አፕግሬድስ የተባለው ማንም ሳይነካው የደኅንነት ጥገናዎችን ራሱ የሚያስገባ አገልግሎት ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ወይም መስመሩ በሒሳብ የሚቆጠር ሲሆን እንዲቆም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ይህ ደግ ነው። የማያቋርጥ መስመርና ዩፒኤስ ባለበት የሰርቨር ክፍል፣ ለምሳሌ በዩኒቨርሲቲ፣ እሱን መተው ትልቅ ጥፋት ነው። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ያጥፉትና አፕዴቱን ቀን ቆርጠው በእጅ ይሥሩ። አጥፍቶ ቀን አለመቁረጥ ግን ዊንዶውስ 10 ላይ ከመቅረት አይሻልም።

ተርሚናል ለሚደፍር ሰው አፕት ራሱ በቂ ነው፤ ቀጣዮቹ ደረጃዎች የሚሄዱት በእሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ዛሬ ያውርዱ

መስመሩ በሚፈጥንበት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ «ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት» ይበሉ። ይህ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያመጣው። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት-ጌት ዲስት-አፕግሬድ» ብለው ከኋላው ሰረዝና «ዲ» የምትባለዋን ፊደል ይጨምሩ። «ዲ» አውርድ፣ አትጫን ማለት ነው። ከመስማማትዎ በፊት ዝርዝሩን ያንብቡ፤ «የሚወገዱ» በሚለው ሥር የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ካለ እምቢ ብለው ይውጡና ምክንያቱን ይፈልጉ።

መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ አይደንግጡ። ያንኑ ትዕዛዝ ሲደግሙ ከቆመበት ይቀጥላል፤ የወረደው ዳታ አይባክንም።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። «አፕት» የሚለው አጭሩ ትዕዛዝ ጭኖ ሲጨርስ የወረዱትን ፋይሎች ይሰርዛቸዋል፤ «አፕት-ጌት» ግን ያስቀራቸዋል። ሁለተኛ ኮምፒውተር ካለዎት በ«አፕት-ጌት» ሠርተው በቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ ፎልደር ውስጥ የቀሩትን በፍላሽ ወደ ሁለተኛው ተመሳሳይ ፎልደር ይገልብጡ። ሁለተኛውም ዝርዝሩን በጥቂት ዳታ ካደሰ በኋላ ፓኬጁን ከዚያው ያነሳዋል። አንድ ዓይነት ሲስተምና አንድ ዓይነት ዕትም መሆናቸው ግን ግድ ነው።

የሚያወርዱበትን ሰርቨርም መምረጥ ይቻላል። ሚንት በ«ሶፍትዌር ሶርስስ»፣ ኡቡንቱ በ«ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» ውስጥ ሰርቨሮችን ራሳቸው ፈትነው ፈጣኑን ያሳያሉ። የኬንያና የደቡብ አፍሪካ ሰርቨሮችን ከአውሮፓዎቹ ጋር ያወዳድሩ፤ ቅርብ ያለው ሁልጊዜ ፈጣን አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩ ብዙ ከሆነ ተጓዥ ላፕቶፕ ያዘጋጁ

ሃያ ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ክፍል ያንኑ ፋይል ሃያ ጊዜ ማውረድ የለበትም። አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባል ፓኬጅ አለ፤ መሐል ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ የወረደውን ለሁሉም ያድላል። አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫኑት። ላፕቶፑ ከክፍሉ ኮምፒውተሮች ጋር አንድ ዓይነት ሲስተም፣ አንድ ዓይነት ዕትም፣ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ፕሮግራሞች ይኑሩት። ከዚያ ሁሉም፣ ላፕቶፑም ራሱ ጭምር፣ አፕትን በላፕቶፑ አድራሻ፣ በወደብ 3142 በኩል እንዲጠቀሙ ያዟቸው። ይህ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር የምትጻፍበት አንድ ፋይል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዳባት ደግሞ 75 ገደማ ነው። ደህና ዋይፋይ ባለበት ቦታ ራሱን ያድሳል፤ ያወረደው ሁሉ በካቸሩ ማኅደር ይቀራል። ሲመለስ በካቸሩ ሴቲንግ ውስጥ «ኦፍላይን ሞድ» የሚለው ይበራል፤ ክፍሉ ውስጥ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ራውተር ከኮምፒውተሮቹ ጋር ይገናኛል፤ ሃያዎቹም ከእሱ ይታደሳሉ። ቀጥሎ ወደ ጎንደር ሲሄድ ያንን ሴቲንግ መልሶ ማጥፋት ነው።

ላፕቶፑን በጉዞው መሐል ካቸሩን አልፎ በቀጥታ ማደስ ግን ሥራውን ያበላሻል። ያኔ ላፕቶፑ ይታደሳል፣ ማኅደሩ ግን ባዶ ይቀራል፤ ክፍሉ ከደረሱ በኋላ ነው የሚታወቀው። የስናፕ ፓኬጆችም በዚህ መንገድ አያልፉም፤ ለትምህርት ቤት ሚንትን ወይም ደብያንን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ደረጃ 7፦ ላፕቶፕም ከሌለ በፍላሽ

አፕት-ኦፍላይን የተሠራው ለዚህ ነው። መስመር የሌለው ኮምፒውተር የሚፈልገውን ዘርዝሮ በትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ ፋይሉን በፍላሽ ይዘው መስመር ወዳለበት ይሄዳሉ፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር በዝርዝሩ መሠረት አውርዶ አንድ ላይ ያሽገዋል፤ እሽጉን አምጥተው ያስገባሉ። ሦስቱ ትዕዛዞች «ሴት»፣ «ጌት»ና «ኢንስቶል» ናቸው። ፕሮግራሙ ራሱ ግን አስቀድሞ በሁለቱም ላይ መጫን አለበት፤ መስመር ሳለ ያስገቡት።

ሰው የሚሳሳተው ጉዞው አንድ ይበቃል ብሎ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጽፈው የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ የያዘው ዝርዝር የወራት ከሆነ አዲሱን ፓኬጅ አያውቀውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር አዲሱ ዝርዝር ይመጣል፣ በሁለተኛው ዙር ፓኬጆቹ። ጎንደር ወይም ደባርቅ ያለ ወዳጅ ፋይሉን በቴሌግራም ተቀብሎ እሽጉን በመኪና የሚልክልዎ ከሆነ ሁለቱ ዙር አይከብድም።

ሲናፕቲክ የሚጠቀም ሰው ይህንኑ በመስኮት ያገኘዋል፤ «ፋይል» በሚለው ሥር የማውረጃ ስክሪፕት የሚያዘጋጅና የወረዱ ፓኬጆችን የሚቀበል ምርጫ አለ።

ደረጃ 8፦ ጠዋት ይጫኑ

መጫን ዳታ አይፈልግም፤ መብራት ይፈልጋል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ከመጀመርዎ በፊት በታይምሺፍት የሲስተሙን ቅጂ ይያዙ፤ ሚንት ላይ አብሮ ይመጣል። ታይምሺፍት የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ ሰነዶችዎን አይደለም፤ የደንበኛ ጽሑፍና የተማሪ ውጤት ለብቻው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ብዙ ኮምፒውተር ካለ አንዱን መጀመሪያ ያድሱና አንድ ቀን ያሠሩበት፤ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ።

አሁን ያንኑ ትዕዛዝ ያለ «ዲ» ይድገሙት። ሌላ ፕሮግራም እየተጠቀመበት ስለሆነ ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም ካለዎት፣ አፕዴት ማናጀሩ ወይም አናቴንድድ-አፕግሬድስ ሥራ ላይ ነው፤ ይጠብቁ። የቁልፉን ፋይል ሰርዙ የሚል ምክር አይስሙ፤ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲጽፉ የፓኬጅ መዝገቡ ይበላሻል።

መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ? የሠፈሩ ባለሙያ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። አይደረግም። መብራት ሲመለስ ተርሚናል ከፍተው «ሱዶ ዲፒኬጂ»፣ ሁለት ሰረዝና «ኮንፊገር»፣ ከዚያ ሰረዝና «ኤ» ይበሉ፤ ዲፒኬጂ በግማሽ የቀሩትን ፓኬጆች አንድ በአንድ ይጨርሳል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት»፣ ሁለት ሰረዝና «ፊክስ-ብሮክን»፣ «ኢንስቶል»። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይድናል። ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም ካለ ሲነሳ በሚመጣው የግራብ ዝርዝር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው የቀድሞውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ይምረጡ፤ ከገቡ በኋላ ሁለቱን ትዕዛዞች ይስጡ።

ደረጃ 9፦ ከጫኑ በኋላ

ሪስታርት ያድርጉ። ሊብሬኦፊስን ከፍተው አንድ አንቀጽ በአማርኛ ይተይቡና ያትሙት። የአማርኛ ኪቦርዱ፣ የአቢሲኒካ ፎንትና ፕሪንተሩ በአንድ ገጽ ይፈተናሉ፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል። የተለወጠ ነገር ካለ በቫር፣ ሎግ፣ አፕት ፎልደር ውስጥ «ሂስትሪ» የሚለው ፋይል የትኛው ፓኬጅ ከየትኛው ወደ የትኛው ዕትም እንደሄደ ከነሰዓቱ መዝግቦታል።

በመጨረሻ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» የማያስፈልጉትን አሮጌ ከርነሎች ያነሳል፤ በሥራ ላይ ያለውንና ለመጠባበቂያ የሚሆነውን አይነካም። «ሱዶ አፕት ክሊን» የሚለውን ግን አይቸኩሉበት፤ የወረዱትን ፋይሎች ጠራርጎ ስለሚያጠፋ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ድርሻቸውን ወስደው እስኪጨርሱ ይቆይ።